ያገለገለ የአደን ካሞፍላጅ ጂንስ፦ ከአመራረጡ እስከ አለባበሱ

መርካቶ ውስጥ የልባሽ ጨርቅ ክምር ሲገለባበጥ፣ ከሰማያዊው ጂንስ መሀል አንዳንዴ ቅጠልና የዛፍ ቅርፊት የታተመበት ቡናማ ሱሪ ብቅ ይላል። ሻጩ «ሬንጀር» ይለዋል፤ ሬንጀር ግን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጫካ ገብቶ አጋዘን ለሚያድን ሰው የተሰፋ ሱሪ ነው። ጨርቁ ወፍራም፣ ስፌቱ ድርብ፣ ኪሱ ጥልቅ ነው። ለእንጦጦ ዳገትም ለፒያሳ አስፋልትም የሚሆን ሱሪ ይወጣዋል። ሳይታይ የተገዛ እንደሆነ ግን ወይ ጉልበቱ ገርጥቶ ሁለት ወር ሳይለበስ ይጣላል፣ ወይ ደግሞ በየፍተሻው ያስቆማል። ሁለቱንም ችግር ማስቀረት የሚቻለው ከመግዛት በፊት ነው።

ጨርቁን ማወቅ

«ጂንስ» የተባለው በአቆራረጡ ነው፦ አምስት ኪስ፣ የቀበቶ ማስገቢያ፣ ከፊት ዚፕ። ጨርቁ ግን የጂንስ ጨርቅ አይደለም። በሰማያዊው ጂንስ ክሩ አስቀድሞ ተነክሮ ነው የሚሸመነው። በካሞፍላጁ መጀመሪያ ካኪ ይሸመናል፣ ከዚያ ሥዕሉ በአንድ በኩል ብቻ ይታተምበታል። ገልብጣችሁ ብታዩት ውስጡ ገረጣ ያለ ነው። ከዚህ አንድ ነገር የተነሳ ብዙ ነገር ይከተላል። ሰማያዊ ጂንስ ሲያረጅ ያምርበታል፤ የታተመ ካኪ ግን ሲፋቅ ሥሩ ያለው ነጭ ክር ይወጣል፤ እንደ ልጣጭ የተነሳ ይመስላል። ስለዚህ «ትንሽ የለበሰ ያምራል» የሚለው የጂንስ ሕግ እዚህ አይሠራም። ሥዕሉ ሙሉ የሆነውን ፈልጉ።

አብዛኛው መቶ በመቶ ጥጥ ነው። ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበትም አለ። ቅልቁ ቶሎ ይደርቃል፣ ቀለሙንም ይይዛል፤ ነገር ግን እሳት አጠገብ ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ይበሳል። ደመራ ወይም ካምፕ እሳት ለሚወድ ሰው ጥጡ ይሻላል። ውስጡ ለስላሳ ገበር ያለው ደግሞ ለበረዶ አገር አደን የተሠራ ነው፤ የአዲስ አበባን ቀትር አይቻልበትም፣ ለሐምሌ ማለዳ ግን ጥሩ ነው።

የአደን ነው ወይስ የወታደር?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ያለ ፈቃድ የወታደር መለዮ መልበስ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስጠይቅ ነው። የአደን ሱሪ የማንም ሠራዊት መለዮ አይደለም፤ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ግን መለያውን ሳይሆን ከሩቅ የሚታየውን ዥንጉርጉር ነው የሚያየው። ስለዚህ ልዩነቱ ከአሥር እርምጃ ርቀት የሚለይ ሱሪ ምረጡ።

የወታደሩ ሥዕል ጠፍጣፋ ነው። ብዙውን ጊዜ አራት ቀለም ይኖረዋል፤ ለምሳሌ የድሮው የአሜሪካ ጦር ሥዕል ጥቁር፣ ቡናማ፣ አረንጓዴና የአሸዋ ቀለም ነበር። እያንዳንዱ ቀለም እንደ ፈሰሰ ወጥ ድንበሩ የተለየ ነው። አዲሱ «ዲጂታል» የሚባለው ደግሞ በጥቃቅን አራት ማዕዘን የተሠራ ነው። ሁለቱንም ተዉአቸው፤ የቱንም ያህል ቢረክሱና ጨርቃቸው ቢያምር አትግዙ።

የአደኑ ሥዕል ፎቶ ይመስላል። እውነተኛ ቅጠል ከነደም ሥሩ፣ ቅርንጫፍ ከነጥላው፣ የተሰነጠቀ ቅርፊት ይታይበታል። ይህ አሠራር ገበያውን የያዘው ሪልትሪና ሞሲ ኦክ የተባሉት ሁለት የአሜሪካ ድርጅቶች በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ከተመሠረቱ ወዲህ ነው። አንድ ጥሩ ምልክት አላችሁ፦ ሁለቱም ስማቸውን በደቃቅ ፊደል ቅጠሎቹ መሀል ያትሙታል። ሱሪውን ብርሃን ላይ ይዛችሁ ጭኑንና የኋላ ኪሱን አካባቢ ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ። የፎቶ ዓይነት ሥዕል ሆኖ ስም የሌለበት ሱሪም መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ስሙ ያለበት ግን ጥርጥር ይቀንሳል።

ከአደን ሥዕሎችም ውስጥ የሚበላለጡ አሉ። ለዚህ ከተማ ከሁሉ የምንመርጠው የዳክዬ አዳኞች የሚለብሱትን ነው። መሬቱ የደረቀ ሣር ቀለም፣ ላዩ ላይ ሸምበቆና ቄጠማ የቆመበት ነው። በኅዳር የተወቃ የጤፍ ማሳ ይመስላል፤ ከነጭም ከጥቁርም ከቡናማም ጋር ይሄዳል፣ ማንም ሬንጀር ነው ብሎ አይሳሳትም። ሁለተኛው ብርቱካናማ መሬት ላይ ጥቁር ቅርንጫፍ የታተመበት ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አዳኞች አንዱ ሌላውን በስህተት እንዳይመታ ብርቱካናማ እንዲለብሱ ሕግ ያስገድዳል። አጋዘን ቀይና ብርቱካንን ከአረንጓዴ አይለይም፣ ስለዚህ ሰው ያየዋል አጋዘኑ አያየውም። በሱሪ ብዙ አይገኝም፤ ካገኛችሁ አታሳልፉት። ሦስተኛው ግራጫ ያለበት የዛፍ ግንድ ሥዕል ነው። ጥቁር አረንጓዴ የበዛበትን ቅጠላማ ግን፣ የአደን ቢሆንም፣ ከሩቅ የወታደር ስለሚመስል መጨረሻ ላይ አድርጉት።

የት፣ መቼ

ልባሽ ጨርቅ በንግድ መልክ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው። ቦንዳ አስመጥታችሁ ለመሸጥ አታስቡ፤ ይህ መመሪያ አንድ ሱሪ ገዝቶ ለሚለብስ ሰው ነው። መርካቶ ሰፊው ምርጫ ያለበት ቦታ ነው። ሜክሲኮና ስታዲየም አካባቢ አመሻሽ ላይ በየመንገዱ የሚዘረጋው ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ቦታውን ስለሚቀያይር፣ አንድ ቦታ ብቻ ይዞ መመላለስ አያዋጣም። ሌላው መንገድ ዘመድ ነው። አሜሪካ ያለ ሰው ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ አንድ ሱሪ ብዙ ቦታ አይወስድም፤ እዚያ የአደን ወቅት በመከር ስለሆነ ወቅቱ ሲያልፍ ያገለገለው ይረክሳል።

ገበያ የምትሄዱ ከሆነ ቦንዳ የሚፈታበትን ቀን ሻጩን ጠይቁ። በዚያ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የደረሰና ከሰዓት የደረሰ ሰው አንድ ክምር አያዩም። ቅዳሜ ግፊያው ስለሚበዛ ሱሪ ገልብጦ ለማየት ቦታም ትዕግሥትም አይገኝም፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሻላል። ስልካችሁን የፊት ኪስ ውስጥ አድርጉ። የልብስ ሜትርና አንድ ነጭ የጥጥ መሐረብ ያዙ፤ ሁለቱም ሥራ አላቸው።

ክምሩ ጋ ስትቆሙ

መጀመሪያ ወደ ቀን ብርሃን አውጡት። ሱቅ ውስጥ ያለው አምፖል ቡናማውን አረንጓዴ፣ የገረጣውን ሙሉ ያስመስለዋል። «አንዴ በር ላይ ልየው» ስትሉ የሚከለክል ሻጭ ካጋጠማችሁ ምክንያት አለው ማለት ነው።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል እዩት፦

ብሽሽቱን። አራቱ ስፌት የሚገናኙበትን ቦታ ከውስጥ እጃችሁን አስገብታችሁ ወደ ፀሐይ ዘርጉት። ብርሃን እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ከሆነ ክሩ አልቋል፤ አንዴ ቁጢጥ ስትሉ ይቀደዳል። ትንሽ ቀዳዳ ይጣፋል፤ እንደ መዳፍ የሰፋ ስስ ቦታ ግን መጣፊያውም የሚይዘው ጤነኛ ጨርቅ አያገኝም። ሱሪ የሚጣለው ባብዛኛው በዚህ ነው።

ጉልበቱን። አዳኝ ተንበርክኮ ነው የሚጠብቀው፣ ስለዚህ ጉልበቱ ከሌላው ቀድሞ ይገረጣል። የጉልበቱን ሥዕል ከኋላ ኪሱ ሥር ካለው ጋር አስተያዩ። ቅጠሉ ቅጠል መሆኑ እስከታወቀ ድረስ ይሆናል።

ቀለሙን። ነጩን መሐረብ በውኃ አርጥባችሁ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ከእግሩ ጫፍ፣ አሥር ጊዜ ፈትጉት። መሐረቡ በጣም ከቆሸሸ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ አቧራ ወይም የሚለቅ ቀለም። አቧራ ግራጫ ነው፤ ቀለም ግን ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። የሚለቅ ቀለም ያለው ሱሪ የታክሲውን ወንበርም የጓደኛን ሶፋም ያበላሻል።

ዚፑን። አምስት ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች ውሰዱት። ከዚያ እስከ ላይ ዘግታችሁ መጎተቻውን ሳትይዙ ሁለቱን ጎን ወደ ግራና ቀኝ ሳብ አድርጉ፤ ራሱን ይዞ መቅረት አለበት። የሚንሸራተት ከሆነ መያዣው ላልቷል፣ መቀየር አለበት። የነሐስ ዚፕ ሆኖ የሚከብድ ከሆነ ግን ችግር አይደለም፤ ጥርሱ ላይ ሻማ ወይም የእርሳስ ጫፍ ስታሹበት ይቀልላል።

ኪሱን። ከውጭ ሳይሆን እጃችሁን አስገብታችሁ እስከ ጥጉ ዳስሱ። የኪስ ጨርቅ ከሱሪው ቀድሞ ያልቃል፤ ጥይትና ቢላ የተሸከመ ኪስ በተለይ። ስታስገቡ ተጠንቀቁ፣ አንዳንዴ የዓሣ መንጠቆ ወይም ስለታም ነገር ይቀራል።

ስፌቱን። ትኋን የሚደበቀው ቀበቶ ማስገቢያው ሥርና የወገቡ እጥፋት ውስጥ ነው። እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍቅፋቂ ያሉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ካያችሁ ሱሪውን መልሱና እጃችሁን ታጠቡ። ታጥቦ ሊድን ይችላል፤ ግን እስኪታጠብ ድረስ ቤት ይዛችሁት የምትገቡት እናንተ ናችሁ።

የውስጥ መለያውን ለማየት ሁለት ደቂቃ ስጡት። «አር ኤን» ከሚሉ ሁለት ፊደሎች ቀጥሎ ያለው ቁጥር አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበውን አምራች ወይም አስመጪ የሚያመለክት እንጂ የተሠራበትን ዓመት አይደለም። ዕድሜውን ለመገመት የማጠቢያ መመሪያውን እዩ፦ የአሜሪካ ሕግ በቃላት ፋንታ የማጠቢያ ምልክቶችን ብቻ መጠቀም የፈቀደው እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ነው። የባልዲና የካውያ ሥዕል ብቻ ያለው መለያ እንግዲህ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ሻጩ «የድሮ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ዋጋ ሲያስወጣ ይህች ምልክት ትጠቅማለች።

ልኬቱን መለያው ላይ ካለው ቁጥር አትውሰዱ

«34 በ32» ማለት ወገቡ 34 ኢንች፣ የውስጥ እግሩ 32 ኢንች ማለት ነው፤ በሴንቲሜትር 86 እና 81። የአደን ሱሪ ግን ከሥሩ የሙቀት ልብስ እንዲለበስ ሆን ተብሎ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ደግሞም ስንት ጊዜ እንደታጠበ አይታወቅም። 34 የሚል ሱሪ 91 ሴንቲሜትር ሆኖ ሲገኝ ብርቅ አይደለም።

ከቤት የሚስማማችሁን አንድ ሱሪ መሬት ላይ ዘርግታችሁ አራት ነገር ለኩና ስልካችሁ ላይ ጻፉ፦ ወገቡን ከጥግ እስከ ጥግ (በሁለት ታበዙታላችሁ)፣ ከብሽሽት እስከ ወገብ በፊት በኩል፣ ጭኑን ከብሽሽቱ ሥር፣ የውስጥ እግሩን ከብሽሽት እስከ ጫፍ። ገበያ ላይ ከእነዚህ ጋር አስተያዩ። ርዝመቱ ቢበዛ ችግር የለም፤ እንዲያውም ይፈለጋል። ወገቡ እስከ 5 ሴንቲሜትር ቢሰፋ ይጠበባል። ከብሽሽት እስከ ወገብ ያለው ግን ካጠረ ልብስ ሰፊም አያድነውም፤ ቁጭ ባላችሁ ቁጥር ከኋላ ይወርዳል።

ስለ ዋጋ ብዙ የሚባል የለም። ያያችሁትን ጉድለት አንድ በአንድ በትሕትና አሳዩና የጥገናውን ዋጋ አስቀንሱ። «ወንድሜ፣ ዚፑ አይዝም፤ ለሰፊ የምሰጠውን ቀንስልኝና እንስማማ» የሚለው «ውድ ነው» ከማለት ይሻላል፤ ሻጩ የሚመልሰው መልስ አይኖረውም። «ሬንጀር ስለሆነ ውድ ነው» ካላችሁ የአደን መሆኑን አስረዱት፤ ለሚቀጥለው ገዢም ይጠቅማል።

ቤት ሲገባ፦ መጀመሪያ ቀዝቃዛ፣ ከዚያ ሙቅ

ሱሪውን በፌስታል ቋጥራችሁ አምጡ፤ ወንበር ላይም አልጋ ላይም አታስቀምጡት። ቅደም ተከተሉን መሳት እዚህ ዋጋ ያስከፍላል። ብዙ ሰው ተባዩን ለመግደል ወዲያው የፈላ ውኃ ያፈስበታል። የአደን ሱሪ ላይ ግን የእንስሳ ደም መኖሩ የተለመደ ነው፣ በዚያ ዥንጉርጉር መሀል ደግሞ ዝገት መስሎ ያልፋል። ደም በሙቅ ውኃ ከተነካ ክሩ ውስጥ ይረጋል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም።

ስለዚህ እጃችሁ ላይ ጓንት ወይም ፌስታል አድርጋችሁ፣ አጠራጣሪ ቡናማ ነጠብጣብ ካለ 5 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሥር የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሟችሁ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፉት። በሳሙና በእጅ ፈትጉት፣ ውኃውን ድፉ፣ ካልለቀቀ ድገሙ። የዛፍ ሙጫ ያጣበቀው ቦታ ካለ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በጥጥ ነክራችሁ ከጠርዙ ወደ መሀሉ እሹት፤ ከመሀል ወደ ጠርዝ ከሆነ ይሰፋል። በማይታይ ቦታ ሞክሩ፣ አልኮል አንዳንድ ሕትመት ያስለቅቃል።

ከዚያ ሙቁ። ቅማልም ትኋንም በ60 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ከቆየ ከነዕንቁላሉ ይሞታል። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለት እጅ የፈላና አንድ እጅ የቧንቧ ውኃ ስትቀላቅሉ 67 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ባልዲውና ጨርቁ ሲጠጣው ወደ ስድሳዎቹ መጀመሪያ ይወርዳል። 8 ሊትር የፈላ፣ 4 ሊትር ቀዝቃዛ ለአንድ ሱሪ ይበቃል። ሱሪውን ገልብጡ፣ ዚፑን ዝጉ፣ በእንጨት አስጥሙት፣ ባልዲውን ክደኑና በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ 40 ደቂቃ ተዉት። የቀረው ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ ነው፤ ከመዘፍዘፊያው ጋር አንድ ተኩል ጀሪካን ውኃ ይወስዳል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን አስቀድማችሁ አስቡ።

መለያው ላይ የሚለጠጥ ክር እንዳለበት ከተጻፈ ይህን ሙቀት አይችልም፤ ላስቲኩ ይሞታል፣ ጉልበቱ ይንጠለጠላል። ለእንዲህ ያለው ሱሪ ተመራጩ በፌስታል አጥብቆ አስሮ ሁለት ሳምንት ማቆየት ነው። ለቅማል ይሠራል። ለትኋን አይሠራም፣ ያለ ምግብ ወራት ይኖራልና፤ የሚለጠጥ ሱሪ ላይ የትኋን ምልክት ካያችሁ አለመግዛት ነው።

ሻጋታ ወይም የዕቃ ቤት ሽታ ካለው በመጨረሻው ማለቅለቂያ 5 ሊትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ ጨምሩ። አቼቶና በረኪና በፍጹም አይገናኙ፤ ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። በረኪና ለነገሩ ለዚህ ሱሪ በምንም መልኩ አይሆንም፣ ሥዕሉን ጠራርጎ ነው የሚያወጣው።

ልብስ ሰፊ ቤት

ሳይታጠብ ወደ ሰፊ አትውሰዱ። ሰፊውም ሰው ነው፣ ደግሞም ጥጥ በሙቅ ውኃ ሊገባ ይችላል። 80 ሴንቲሜትር የነበረ እግር ሦስት በመቶ ቢገባ ከሁለት ሴንቲሜትር በላይ አጠረ ማለት ነው። አስቀድሞ የተቆረጠ ከሆነ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል።

ለልብስ ሰፊው አራት ነገር ንገሩት። መርፌው ቁጥር 16 ይሁን፤ በ11 ወይም 12 ሲሰፋ ድርብ ስፌቱ ላይ ይሰበራል ወይም ይዘላል። ክሩ ጥቁር ሳይሆን ቡናማ ወይም የወይራ ቀለም ይሁን፤ ጥቁር ክር ቅጠሉ ላይ መስመር አስምሮ ይታያል። ለእጥፋቱ 3 ሴንቲሜትር ይተው፣ አንድ ተኩል በአንድ ተኩል ሁለቴ ይታጠፍ። የተቆረጠውን ጨርቅ ደግሞ ይመልስላችሁ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ ሥዕሉም መገርጣቱም ከሱሪው ጋር እኩል የሆነ መጣፊያ ከሌላ ከየትም አይገኝም። ዝም ካላችሁ ወለል ላይ ይጠረጋል። ቁራጩን ሱሪው በታጠበ ቁጥር አብራችሁ እጠቡት፣ አብሮ እንዲያረጅ።

የእግሩ ጫፍ ቦቲ ላይ እንዲወርድ ሰፊ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ተዘርግቶ 22 ሴንቲሜትር ያህል ቢሆን አትደነቁ። ለከተማ 18 ወይም 19 ይበቃል። የሚጠበበው ከጉልበት ጀምሮ ነው፣ ከጭን አይደለም። ሰፊው ከሁለቱ የጎን ስፌቶች ድርብ ያልሆነውን ፈልጎ በዚያ ያጥብብ፤ በአብዛኛው ጂንስ ድርቡ የውስጥ ጎኑ ነው፣ ራንግለር ደግሞ ብዙውን በውጭ በኩል ነው የሚደርበው። ድርቡን ፈትቶ መልሶ በነጠላ የሰፋ እንደሆነ ብስክሌት ላይ ወይም ዳገት ላይ ይፈታል።

ወገቡ ከኋላ መሀል ነው የሚጠበበው። ቀበቶ ማስገቢያው ይነሳል፣ ወገቡ ይከፈታል፣ ይቆረጣል፣ ይመለሳል። ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ከተወሰደ ሁለቱ የኋላ ኪሶች ተጠጋግተው አንድ ኪስ ይመስላሉ። ብሽሽት ላይ መጣፍ ካለ መጣፊያው ከውስጥ ይሁን፣ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 3 ሴንቲሜትር ይለፍ፣ ጫፉ ዚግዛግ ይሰፋ። ጉልበት ላይ ግን በውጭ በኩል የራሱን ቁራጭ ለጥፉ፤ ቅጠል በቅጠል ላይ ስለሚሆን ከሁለት ሜትር አይታይም።

ሲለበስ

አንድ ካሞፍላጅ ብቻ። ሱሪው ካሞፍላጅ ከሆነ ሸሚዙም፣ ጃኬቱም፣ ኮፍያውም፣ ቦርሳውም ወጥ ቀለም ይሁን። ነጭ ቲሸርት፣ ቡናማ ሹራብ፣ ጥቁር ጃኬት፣ የአገር ጥጥ ሸሚዝ ሁሉም ይሄዳሉ። ወይራ አረንጓዴ ቲሸርት፣ ጥቁር የወታደር ቦት፣ ሰፊ የመታጠቂያ ቀበቶና ቤሬት ኮፍያ ግን አንዳቸውም አይታከሉ። ሱሪውና ከእነዚህ አንዱ አንድ ላይ ከሆኑ ቅጠሉም ስሙም አያድናችሁም፣ መልኩ መለዮ ይሆናል። እግሩ ላይ ነጭ ስኒከር ወይም ቡናማ ቆዳ ጫማ አድርጉ። የሱሪውን ጫፍ ጫማ ውስጥ አትክተቱ።

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ኤምባሲ፣ ቤተ መንግሥት አካባቢ፣ ፍርድ ቤትና የመንግሥት ቢሮ ስትሄዱ ሌላ ልበሱ። ትልቅ በዓል ላይ መስቀል አደባባይ ፍተሻ ስለሚጠብቅ እንዲሁ። ከከተማ ወጥታችሁ ኬላ የምታልፉ ከሆነ ጭራሽ ቤት ተዉት፤ ጓዛችሁ ውስጥም አታስገቡት። መታወቂያ ያዙ። ጥበቃ ካስቆማችሁ በትሕትና «የአደን ልብስ ነው፣ ይመልከቱት» በሉና ቅጠሉን አሳዩ፤ ካላመነ አትከራከሩ፣ ተመለሱ። ለቅሶ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሕግ ሳይሆን ወግ ነው፣ ሱሪው አይመጥንም።

እንጦጦና ዙሪያው

እዚህ ሱሪው በተሠራለት ሥራ ላይ ይውላል። እንጦጦም ሆነ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ ወይም ራቅ ብሎ መናገሻ ሱባ፣ ከመንገዱ ወጣ ሲባል ሳማ፣ ቀጋና አጋም አለ። ሳማ ስስ የስፖርት ሱሪን አልፎ ያቃጥላል፤ ጥቅጥቅ ያለውን ካኪ ግን አያልፍም። እሾህም ሲይዘው ይንሸራተታል እንጂ ክር አይመዝም።

ድክመቱ ውኃ ነው። ጥጥ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሙቀት ይወስዳል። እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በሐምሌ ዝናብ የራሰ ጥጥ ሱሪ ለብሶ ሁለት ሰዓት መቆየት ጥርስ ያፋጫል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከላዩ የሚደረብ ቀላል የዝናብ ሱሪ ያዙ፣ ወይም ደረቅ ትርፍ ሱሪ በፌስታል። ሌላው ደግሞ ሥዕሉ ሥራውን መሥራቱ ነው፦ ባሕር ዛፍ መሀል አንድ ሰው ቢወድቅ ጓደኞቹ አያዩትም። በቡድን ስትወጡ ደማቅ ኮፍያ ወይም አንጸባራቂ ሰደርያ አድርጉ። ማታ በእግር ስትመለሱም ሾፌሩ እንዲያያችሁ ያስፈልጋል።

ማጠብ

በየጊዜው አትጠቡት፤ ጭቃውን አድርቃችሁ በብሩሽ አራግፉና ሲቆሽሽ ብቻ እጠቡ። ገልብጣችሁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በፈሳሽ ሳሙና። ብዙ የዱቄት ሳሙና ነጭን ደማቅ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለው፤ እሱ ጨርቁ ላይ እየቀረ ቡናማውን ቀስ በቀስ ሰማያዊ ያዘለ ያደርገዋል። አዳኞች የሚሸሹት አጋዘን ሰማያዊውን በደንብ ስለሚያይ ነው፣ እናንተ ደግሞ ቀለሙን ስለምትፈልጉት። ተከማችቶበት እንደሆነ ለማወቅ ብር በሚመረመርበት ሐምራዊ መብራት ሥር አድርጉት፤ ሰማያዊ ካበራ አለበት።

አስጡት በጥላ፣ አሁንም እንደተገለበጠ። በዚህ ከፍታ የፀሐይ ጨረሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል ይበረታል፤ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ ሱሪ በአንድ በጋ ሥዕሉ ይጠፋል። ካውያም ከውስጥ በኩል።

ጉልበቱ መጣፍ ከማይችልበት ሲደርስ ከጉልበቱ በላይ ቆርጣችሁ ቁምጣ አሰፉት። የታችኛውን እግር ከስፌቱ ፈትታችሁ አጥባችሁ አስቀምጡ፤ ከሁለቱ እግር አንድ የትከሻ ቦርሳ ይወጣል፣ ትርፉ ደግሞ ለሚቀጥለው ሱሪ መጣፊያ ነው።